ፋሚሊ ማን አረፈ

ሐዋሳ፣ ጥር 28 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ፤

እንዴት ከርመሃል? ልጆቹስ? ከተጠፋፋን ቆየን፤ ስልክ እንኳ ሳንደዋወል ስንቱ ክረምት አለፈ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ዛሬ የጻፍኩልህ መርዶ ይዤ ነው። አስተን ባሬት፣ ያ «ፋሚሊ ማን» የምንለው የቦብ ማርሊ ባንድ የዌይለርስ ቤዝ ጊታር ተጫዋች፣ አረፈ። ቅዳሜ ዕለት፣ ማያሚ ውስጥ፣ በ77 ዓመቱ። የዌይለርስን ቤዝ ለይቼ እንድሰማ ያደረግከኝ አንተ ነህ። ታዲያ ከአንተ ሌላ ለማን ልንገር?

ወሬው እንደተሰማ የድሮዎቹ ልጆች ማታ አንዱ ቤት ተሰባሰብን። ለቅሶ ልትለው ትችላለህ። ማንም ብዙ አላወራም። የቤቱ ባለቤት ስፒከሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ቤዙን እስከ መጨረሻው ከፈተው። የቦብ ድምፅ ወደ ኋላ ሸሸ፣ ፋሚሊ ማን ወደ ፊት መጣ። የሻይ ብርጭቆዎቹ ሳህናቸው ላይ መንቀጥቀጥ ጀመሩ። እዚያ ላይ አልቻልኩም፣ አለቀስኩ።

ደግሞ እኮ ብዙ አይመታም! ሁለት ሦስት ኖታ ይጥልና ይተወዋል። ወንድሙ ካርልተን ከበሮው ላይ የመጀመሪያውን ምት ባዶ ትቶ ሦስተኛው ላይ ያሳርፋል። አስተን ያቺን ባዶ ቦታ አይሞላትም፤ ዙሪያዋን ይሄዳል እንጂ። ሰው ቦብን እየሰማሁ ነው ብሎ ያስባል፣ ወገቡን የሚያንቀሳቅሰው ግን እሱ ነው። የመጀመሪያ ቤዙን በገዛ እጁ ከእንጨት የሠራ ልጅ እዚህ ደረሰ።

ጃንሆይ በ1963 እ.ኤ.አ. በተባበሩት መንግሥታት ያደረጉት ንግግር «ዋር» የሚባለው የቦብ ዘፈን ሲሆን፣ ከደራሲዎቹ አንዱ ተብሎ የተመዘገበው ካርልተን ነው። ቤዙ የአስተን ነው። የእኛ ንጉሥ ቃል በሁለቱ ወንድማማቾች ምት ላይ ተጭኖ ዓለምን ዞረ። ሻሸመኔ አፍንጫችን ሥር እያለች ይህን የሚያውቅ ሰው ማነሱ ያንገበግበኛል።

ቦብ በ1981 እ.ኤ.አ. ሞተ። ካርልተንን በ1987 እ.ኤ.አ. ኪንግስተን ውስጥ ገደሉት። አስተን ግን ዌይለርስን ይዞ ዓለምን መዞሩን ቀጠለ። ድርሻዬ ይከፈለኝ ብሎ ለንደን ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ በ2006 እ.ኤ.አ. ተረታ። ይሄ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ያ ሁሉ ሙዚቃ ያለ እሱ ምን ሊሆን ነበር?

ስለ ቦብ የተሠራው ፊልም በሚቀጥለው ሳምንት ይወጣል። አስተንን ሆኖ የሚተውነው የገዛ ልጁ ነው፤ እሱም ቤዚስት ነው። አባትየው ለጥቂት ቀናት ሳይደርስበት ቀረ። ነፍሱን ይማር።

ዛሬ ደግሞ የቦብ ልደት ነው። ከጠዋት ጀምሮ ባጃጁም ካፌውም የእሱን ዘፈን ከፍቷል። ደስ ይላል። እኔ ግን በየደረስኩበት «ቤዙን የሚመታው ሰው እኮ ቅዳሜ አረፈ» ስል ነው የዋልኩት። አንድ የባጃጅ ሹፌር ደንግጦ ጥግ ይዞ ቆመና ዘፈኑን ከመጀመሪያው ደገመው። አብረን እስከ መጨረሻው ሰማን። ሒሳብም አልቀበልም አለኝ።

ቅዳሜ ማታ ልጆቹ ደግመን እንገናኛለን። ሁሉም ስላንተ ይጠይቃሉ። እስከዚያ አንድ ዘፈን ምረጥና ደውልልን፣ ስልኩን ስፒከር ላይ እናደርገዋለን። ቁጥሬ ያው የድሮው ነው።

ወንድምህ