እንቦጩን ወረቀት አድርገነዋል፤ መፍጫ እንድንገዛ አግዙን

እንቦጭ ጣና ላይ ታየ ከተባለ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ስንቱ ሰው ነቀለው! ገበሬው፣ ተማሪው፣ ከሩቅ ከተማ በአውቶቡስ የመጣው ሁሉ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ገብቷል። ጣጣው ከተነቀለ በኋላ ነው። ዳር ላይ ይከመርና ይበሰብሳል። ክረምት ሲገባ ከፊሉ ተመልሶ ሐይቁ ውስጥ ነው።

እኛ በደንቢያ በኩል ሐይቁ ዳር የምንኖር ጥቂት ወጣቶችና እናቶች ነን። ከዚህ ክምር በእጃችን ወረቀት መሥራት ጀምረናል።

አገዳውን ቆርጠን እዚያው ዳር ላይ እናደርቀዋለን። አበባውንና ሥሩን ወደ መንደር አናስገባም። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል፤ ሌላ ኩሬ ማስያዝ አንፈልግም። ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ስለሆነ፣ አንድ ጋሪ ሙሉ ቆርጠን ሲደርቅ እፍኝ ይመስላል። የደረቀውን በአመድ ውሃ እንቀቅላለን፣ እናጥባለን፣ እንወቅጣለን። ከዚያ ገንዳ ውስጥ ይበጠበጣል። በእንጨት የተወጠረ ወንፊት እንነክርና ቀስ ብለን እናነሳለን። ውሃው ይንጠፈጠፋል፣ ቃጫው ወንፊቱ ላይ ይቀራል። ጨርቅ ላይ ገልብጠን፣ ድንጋይ ጭነን፣ ፀሐይ ላይ እናሰጣለን።

እስካሁን ሦስት ዓይነት ወጥቶልናል። ንጹሕ እንቦጩ ቡናማና ሸካራ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ቀለም ይጠጣል፣ ለመጻፍ አይሆንም። የተማሪ አሮጌ ደብተር ሲቀላቀልበት ይለሰልሳል፣ ለሠርግ መጥሪያም ያምራል። ከተበጣጠሰ የቃጫ ገመድ ጋር የተወቀጠው ግን ሌላ ነው። ለመቅደድ እጅ ያማል፤ ቡና ቢያዝበት ይችላል።

«ለምን በደንገል አትሠሩም? ግብፆች ሠርተውበት የለ?» የሚሉን አሉ። ደንገል ታንኳችንን የምንሠራበት የሐይቅ ዳር ተክል ነው፤ እሱም እየተመናመነ ነው፣ አንነካውም። ደግሞ የጥንት ግብፆች ሰንጥቀው አግድምና ቁልቁል ይደራርቡት ነበር እንጂ እንደኛ አይወቅጡም።

የያዘን ሙቀጫው ነው። ሁለት እናቶች ቀኑን ሙሉ ወቅጠው 30 ወረቀት አይሞላም። ክንዳቸው አለቀ። በሞተር የሚሠራ መፍጫ፣ አንድ መጭመቂያና 20 ወንፊት ያስፈልገናል። ያሰላነው 380,000 ብር ነው። 65,000 ብሩን ከራሳችን ዕቁብ አውጥተናል።

ሳንደብቅ እንንገራችሁ፦ አምና አንድ ብየዳ ቤት ቀብድ ተቀብሎን ጠፋ። ከዚያ ተምረናል። አሁን የምንከፍለው ዕቃው ደርሶ ሲሠራ ካየን በኋላ ነው። ሂሳቡም ያለ 3 ሰው ፊርማ አይንቀሳቀስም።

ገንዘብ ያጠራችሁ አሮጌ ደብተር ስጡን፤ ሽቦውንና የላስቲክ ሽፋኑን ብቻ አውጡልን። ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ለበዓል ስትመጡ ዝገት የማይበላው ስስ የሽቦ ወንፊት ሻንጣችሁ ውስጥ ጣል አድርጉልን። እዚህ የሚገኘው በሁለት ወር ይበሳል።

ለሰጠን ሁሉ ደረሰኝ እንልካለን። የሚጻፈውም በራሳችን ወረቀት ላይ ነው፤ ደብተር በገባበት፣ ቀለም በማይጠጣው።