አሜሪካ በሯን ዘግታ የኖረችው መቼ ነው?

ለክቡር አዘጋጅ፣

ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት ባለፈው ሳምንት ባወጣችሁት ጽሑፍ አሜሪካ እስከ 1917 ድረስ በሯን ዘግታ የኖረች አገር ተደርጋ መቅረቧን አንብቤ፣ ለብዙ ዓመታት ታሪክ ያስተማርሁ ሰው በመሆኔ ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም። (ዓመታቱን እንደ እናንተው በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።)

አሜሪካ በአውሮፓ መንግሥታት የጦር ቃል ኪዳን ውስጥ አለመግባቷ እውነት ነው። ከዓለም ተገልላ ኖረች ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። በ1898 «ሜይን» የተባለው የጦር መርከቧ ያኔ በስፔን ትገዛ በነበረችው ኩባ፣ ሐቫና ወደብ ላይ ፈንድቶ ከ260 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ የፍንዳታው ምክንያት በእርግጠኝነት ሳይታወቅ፣ ከሁለት ወር በኋላ ከስፔን ጋር ጦርነት ገጠመች። በዚያው ዓመት መጨረሻ ፓሪስ ላይ በተፈረመው ውል ፖርቶ ሪኮንና ጉዋምን ወሰደች፤ ፊሊፒንስንም ለስፔን 20 ሚሊዮን ዶላር ከፍላ ተረከበች።

በኤሚሊዮ አጊናልዶ መሪነት ስፔንን ሲወጉ ቆይተው ነፃነታቸውን ያወጁት ፊሊፒናውያን ግን በድርድሩ ላይ ቦታ አልተሰጣቸውም። የአሜሪካ ሴኔት ውሉን 57 ለ27 በሆነ ድምፅ ሲያጸድቅ፣ ማለትም ከሚያስፈልገው ሁለት ሦስተኛ በአንድ ድምፅ ብቻ በልጦ ሲያልፍ፣ ማኒላ ዳርቻ ላይ በአሜሪካውያንና በፊሊፒናውያን መካከል ተኩስ ከተከፈተ ሁለት ቀን ሆኖት ነበር። በይፋ እስከ 1902 በዘለቀው በዚያ ጦርነት ከ4,000 በላይ የአሜሪካ ወታደሮች ሞተዋል፤ በጦርነቱ፣ በረሃብና በበሽታ ያለቀው የአገሬው ሕዝብ ቁጥር ከዚህ እጅግ የበዛ ነው። ደራሲውን ማርክ ትዌይንን የመሰሉ የራሷ ዜጎች ድርጊቱን አጥብቀው ሲቃወሙ የኖሩት፣ አገራቸው ምን እየሆነች እንደነበር በዓይናቸው ስላዩ ነው።

ከዚያ በኋላ በኩባ፣ በፓናማ፣ በኒካራጓ፣ በሄይቲና በዶሚኒካን ሪፐብሊክ የሆነውን ሁሉ ለመዘርዘር የጋዜጣው ቦታ አይበቃም። ወደ እኛም ቢሆን ሮበርት ስኪነር የተባለው መልእክተኛ በ1903 አዲስ አበባ መጥቶ ከዳግማዊ አፄ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ተዋውሏል፤ በገበያችን ይሸጥ የነበረው የአሜሪካ የጥጥ ጨርቅ ጉዳይ በመልእክቱ ውስጥ ትልቅ ቦታ ነበረው።

በ1917 አሜሪካን ወደ ጦርነቱ የሳቧት የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦችና የዚመርማን ቴሌግራም (የጀርመን ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሜክሲኮን በአሜሪካ ላይ ለጦር ቃል ኪዳን የጋበዘበት ምስጢራዊ መልእክት) መሆናቸውን ጽሑፋችሁ በትክክል አስቀምጧል። ይሁንና ጀርመን በዚያ ቴሌግራም ቴክሳስን፣ ኒው ሜክሲኮንና አሪዞናን መልሶ በመያዝ ተስፋ ልታባብላት የሞከረችው ሜክሲኮ፣ በዚያው ሰሞን የአሜሪካ ጦር የሜክሲኮውን አማፂ መሪ ፓንቾ ቪላን እያሳደደ በግዛቷ ውስጥ የሰፈረባት አገር እንደነበረች አልጠቀሳችሁም። የዚያ ዘመቻ አዛዥ ጄኔራል ጆን ፐርሺንግ ነበር። በ1898 ኩባ ላይ፣ ከዚያም ፊሊፒንስ ውስጥ የተዋጋው፣ ከሜክሲኮ በተመለሰ በጥቂት ወራት ውስጥም የአሜሪካን ጦር እየመራ ፈረንሳይ የገባው ይኸው ሰው ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣ የታሪክ መምህር