ለደብረ ማርቆስ አንድ ፒያኖ፦ የድጋፍ ጥሪ

በደብረ ማርቆስና በአካባቢው፣ በአዲስ አበባና በውጭ አገር ለምትኖሩ የጎጃም ልጆችና የሙዚቃ ወዳጆች በሙሉ፦

የከተማችን ልጆች ሙዚቃ የሚማሩበት ክፍል አንድ ፒያኖ እንዲኖረው እጃችሁን እንድትዘረጉልን እንጠይቃለን። እስካሁን ያለን አንድ ኪቦርድ ነው። መብራት ሲጠፋ ትምህርቱም አብሮ ይቋረጣል፤ መብራቱ ስንቴ እንደሚጠፋ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ቢሆንም ዋናው ችግራችን መብራቱ አይደለም።

ፒያኖ ውስጥ ከ200 በላይ የብረት ክሮች ተወጥረዋል። ጣት ቁልፉን ሲጫን ሱፍ የተለበጠች መዶሻ ክሩን ትመታለች፤ ቀስ ብሎ የነካ ለስላሳ፣ ጠንከር ያለ ደግሞ የጎላ ድምፅ ያገኛል። የቀኙ ፔዳል ሲረገጥ ያልተመቱት ክሮች ሳይቀሩ ያስተጋባሉ። የእኛ ኪቦርድ ቁልፎቹ እንደ ላባ የቀለሉ ናቸው፤ ቁጥራቸውም ከፒያኖው 88 ያንሳል። በኪቦርዱ የለመደ ልጅ የጀርመናዊውን አቀናባሪ የባኽን ሥራ ልጫወት ብሎ እውነተኛ ፒያኖ ፊት ሲቀመጥ ጣቱ ይከዳዋል። ጃዝ ላይማ ይብሳል፤ ለዛው ያለው የቱን ድምፅ እንደሚያጠብቁ፣ የቱን እንደሚያላሉ በማወቅ ነው።

«ጎጃምንና ጃዝን ምን አገናኛቸው?» ያሉን አሉ። የቅኔ ቤቱ የዋሸራ አገር ሰው ይህን መጠየቁ ግን ይገርመናል። የቅኔ ተማሪ ጉባኤ ቃናውን በሁለት ቤት፣ መወድሱን በስምንት ቤት ይዘርፋል። ልኩ ከጥንት የመጣ ነው፣ ሐሳቡ ግን የዕለቱ መሆን አለበት፤ የትናንቱን ደግሞ ቢያመጣ ያፍራል። የጃዝ ፒያኒስትም በታወቀ የኮርድ (አብረው የሚሰሙ ድምፆች) ቅደም ተከተል ላይ የዚያን ምሽት ዜማ ይዘርፋል።

ክፍሉን የጀመረው የከተማችን ልጅ ኑሮውን የመሠረተው በዚሁ ሙዚቃ ነው። በሠርግ ቤት ኪቦርድ ጀመረ፣ አዲስ አበባ ገብቶ ክላሲካል ተማረ፣ አሁን ማታ ማታ በሆቴሎች ይጫወታል። እንግዳው እራቱ ላይ ስለሚያተኩር ከባኽ ተነሥቶ አምባሰል ቅኝት ውስጥ ሲገባ የሚያስተውለው ጥቂት ነው። ክረምት ክረምት ያለ ክፍያ ልጆቻችንን ያስተምራል። ስሙን እንዳንጽፍ ለምኖናል።

መንገዱን የጠረጉ ታላላቆች አሉን። ሙላቱ አስታጥቄ በለንደንና በቦስተን ተምረው ባለ አምስት ድምፅ ቅኝቶቻችንን ከጃዝ ጋር አዋሐዱ። ሳሙኤል ይርጋ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የቀሰመውን ክላሲካል ከጃዝና ከአገሩ ዜማ ጋር አዋሕዶ እ.ኤ.አ. በ2012 አልበም አውጥቷል። ግርማ ይፍራሸዋ በልጅነቱ ክራር ይጫወት ነበር፤ ከፒያኖ ጋር የተገናኘው በ16 ዓመቱ ያሬድ ሲገባ ነው፤ ከዚያም በሶፊያ ተምሯል። ግርማ የክላሲካል እንጂ የጃዝ ሰው አይደለም። ስሙን ያነሣነው ግን ክራር የያዘ ልጅ ዘግይቶም ቢሆን ከፒያኖ ጋር ከተገናኘ የት ሊደርስ እንደሚችል ስለሚያሳይ ነው። የእኛ ልጅ ያንኑ ዕድል ለማግኘት አዲስ አበባ ድረስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ መጓዝ አለበት።

በዚህ የኑሮ ውድነት ፒያኖ ቅንጦት ነው የሚለውን ቅሬታ አንንቀውም፤ በኮሚቴያችንም ውስጥ ተነሥቶ አከራክሮናል። መነኩሲቷ ፒያኒስት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን ውስጥ ያሳተሙትን የመጀመሪያ ሸክላ ገቢ ለሕፃናት መርጃ አውለውታል። እኛም ፒያኖው ከገባ በኋላ በበዓላት ዝግጅት እናቀርባለን፤ የመግቢያው ገቢ ደብተር መግዣ ላጡ ተማሪዎች ይውላል።

የሚያስፈልገን የፒያኖው መግዣ ብቻ አይደለም። ግድግዳ ተጠግቶ የሚቆመው ዓይነት እንኳ ከ200 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል። ከጎሃ ጽዮን ወርዶ በዓባይ በረሃ ሙቀት አልፎ ደጀን ላይ ወደ ብርዱ ሲወጣ የእንጨቱ ቅርፅ ይለዋወጣል፣ ድምፁም ይዛባል። ስለዚህ ከደረሰ በኋላ ጥቂት ሳምንታት አርፎ መቃኘት አለበት፤ ከዚያም ክረምትና በጋ ሲፈራረቁ፣ ቢያንስ በዓመት ሁለት ጊዜ። ቃኚው ከአዲስ አበባ ስለሚመጣ የመጓጓዣና የአበል ወጪም አለ። ብዙ ሰው ይህን ይረሳዋል፤ ያልተቃኘ ፒያኖ ደግሞ የልጆቹን ጆሮ ያበላሻል።

ቤታችሁ ያለ ሥራ የተቀመጠ ፒያኖ ካለ ንገሩን፣ መጥተን እናያለን። ክሮቹን የያዘው ብረት የተሰነጠቀ ከሆነ ግን ይቅርባችሁ፤ ማስጠገኛው ከመግዣው ይብሳል። አይሱዙ ያላችሁ፣ መንገዱ ሰላም በሆነ ቀን አንድ ጉዞ ብትለግሱን ትልቅ ነገር ነው። የመቃኘት ሙያ ያላችሁ ደግሞ ከልጆቹ መካከል አንዱን አሠልጥኑልን።

ገንዘብ የምንቀበለው በሦስት ሰው ፊርማ በሚንቀሳቀሰው የባንክ ሒሳብ ብቻ ነው። የሒሳብ ቁጥሩና የገቢና ወጪው ዝርዝር በክፍሉ በር ላይ ተለጥፏል፤ ራቅ ያላችሁ እዚህ ባለ ዘመዳችሁ በኩል አረጋግጡ። በስማችን ጥሬ ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ሰው ቢመጣ አትስጡት፣ ለኮሚቴው ንገሩ።