መርፌህን እንዳታቋርጥ፦ ደብዳቤ ለልጄ

ዘጌ፣ መጋቢት 14

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፤

እንደምን ሰነበትህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። አባትህ ወገቡን ቢያመውም ከቡናው ሥር አልጠፋም።

ትናንት ማታ አብሮህ የሚኖረው ልጅ ደወለልኝ። አትቆጣው፤ ጨንቆት ነው። «እማማ፣ የማታውን የስኳር መርፌ፣ ኢንሱሊኑን፣ ሁለት ቀን ዘለለው፤ ዓይኔን እያጠፋው ነው ይላል» አለኝ። ሌሊቱን ዓይኔ ሳይከደን ነጋ። ጠዋት ስደውልልህ «ወጋሁ እኮ እማዬ» አልከኝ፤ አምኜሃለሁ። በስልክ የነገርኩህን ግን እሺ ብለህ ትረሳዋለህ፤ ወረቀት ደግመህ ታነበዋለህ ብዬ ነው የምጽፍልህ። ልጄ፣ መርፌውን እንዳታቋርጥ።

ሲስተሯ የነገረችንን አንተ ያን ቀን ደንግጠህ ስለነበር አልሰማኸውም መሰለኝ፤ እኔ ግን ይዤዋለሁ። ስኳርህ ለወራት ከፍ ብሎ ሲቆይ ዓይንህ ያንን ለምዶት ነበር። አሁን በመርፌው ሲወርድ የዓይንህ ሌንስ እስኪለምደው ድረስ ይደበዝዝብሃል፤ በጥቂት ሳምንታት ይስተካከላል። እስከዚያ መነጽር አታሠራ፣ ብርህ ነው የሚባክነው። ብስክሌቱንም አስቀምጠው፤ ከባጃጅ ጋር መጋፋት ይቅርብህ፣ ግቢህ ፖሊ ድረስ በእግርህ ሂድ። ከሳምንታት በኋላም ካልጠራልህ ግን ዝም አትበል፣ ዓይንህ ይታይ። እግርህ እብጥ ማለቱም፣ ሱሪህ መጥበቡም ከዚሁ ነው። ያን ሁሉ ወራት የበላኸውም ውኃውም በሽንትህ ሲፈስ ነበር፤ አሁን ሰውነትህ ላይ ቀረ። እብጠቱ ወደ ፊትህ ከወጣ ወይም ትንፋሽ ካጠረህ ግን እኔን አትጠብቅ፣ በቀጥታ ሐኪም ቤት ሂድ።

አሁን ስለ አጎትህ ልንገርህ። «በስኳር ሞተ» ብለን ነው ያሳደግናችሁ። የቀረውን የደበቅሁት እኔ ነኝ።

1984 ዓ.ም. ነበር። መርፌ ከጀመረ ገና ሦስተኛ ሳምንቱ። አንድ ማታ መርፌውን ወግቶ እራቱን ሳይበላ ተኛ። ሌሊት ላብ አጥምቆት፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ የማይያያዝ ነገር እየተናገረ ነቃ። ስኳሩ ወርዶ ነበርና ያኔ አንድ ብርጭቆ ስኳር በውኃ በጥብጠን ብንሰጠው ይበቃው ነበር። እኛ ግን ይህ በሽታ ያለበት ቤት ስኳር አይግባ ብለን ስኳሩንም ማሩንም ለጎረቤት ሰጥተን ነበር። ሲነጋ ራሱ በራሱ ለቀቀው። እኔ ግን ሲንዘፈዘፍ ስላየሁት «የሚገድልህ ይህ መርፌ ነው» አልኩት። እኔ ነኝ ያልኩት ልጄ፣ ሌላ ሰው አይደለም። ጠርሙሱን ከትራሱ ሥር ወስጄ ደበቅሁና ጠበል ወሰድነው።

የመጀመሪያው ቀን ደኅና ነበር፤ ደስ አለኝ። በሦስተኛው ቀን የሚጠጣው ውኃ አልበቃ አለው፣ ማስታወክ ጀመረ፣ ትንፋሹ እንደበሰበሰ ፍሬ ሸተተኝ፣ እንደ ሮጠ ሰው ይተነፍሳል። ያን ቀን ጀልባ አልነበረም። በታንኳ ይዘነው ወጣን። ጭንቅላቱ እኔ ጭን ላይ ነበር፤ የባሕር ዳር ዘንባባ ከሩቅ እየታየ ነው ያረፈው።

ጠበሉን አልነቅፍም፤ አንተንም ከሕፃንነትህ ጀምሮ ያስጠመቅሁህ እኔ ነኝ። ጠበሉ መርፌህን ጣል አላለም። ያልኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ማንም ምን ቢልህ፣ እኔም ራሴ አርጅቼ አእምሮዬ ተናውጦ ብነግርህ እንኳ፣ መርፌውን እንዳታቋርጥ። መጠኑ በዝቶብህ እንደሆነ ሐኪሙ ይቀንስልህ፤ አንተ በገዛ እጅህ አትዝለል።

አሁን ልብ ብለህ አንብብ። እጅህ ሲንቀጠቀጥ፣ ሲያልብህ፣ ድንገት ሲርብህ፣ ልብህ ሲመታ ወይም ያለ ነገር ስትነጫነጭ ስኳርህ ወርዶ ሊሆን ይችላልና ለካ። ከ70 በታች ከሆነ፣ መለኪያውም አጠገብህ ከሌለ ሳትለካ፣ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠህ ጠጣ። 15 ደቂቃ ተቀመጥ፣ እንደገና ለካ፤ ካልወጣ ድገመው። ሲስተካከል ዳቦ ወይም በሶ ብላ። በስኳሩ ፋንታ በሶውን አታስቀድም፤ ቶሎ አይደርስልህም። ክፍል ስትገባም፣ ኳስ ሜዳም ስትሄድ ስኳር ከኪስህ አይለይ። ለጓደኛህም ንገረው፦ ራስህን ከሳትክ አፍህ ውስጥ ምንም አይጨምር፣ በጎንህ አስተኝቶ ሐኪም ቤት ያድርስህ። አንሶላህ በላብ ርሶ፣ ራስህን እያመመህ ከነቃህ ሌሊት ወርዶብህ ሊሆን ይችላልና ለሐኪሙ ሳትነግር አትለፈው።

የምትወጋውን ቦታ ቀያይር፤ ዛሬ ሆድህን ከሆነ ነገ ጭንህን። ስለማያም ብለህ አንድ ቦታ ላይ ከደጋገምከው ይጓጉላል፣ መድኃኒቱም በወጉ አይሠራም። ደመናማውን ጠርሙስ በመዳፎችህ መሐል ቀስ አድርገህ አንከባለው እንጂ አትነቅንቀው።

ሁዳዴን እፆማለሁ ብለህ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድህን እንዳትውል። መርፌ ወግቶ አለመብላት አጎትህን ምን እንዳደረገው ነግሬሃለሁ። የንስሐ አባታችንን አነጋግሬያቸዋለሁ፤ ለታመመ ሰው ተፈቅዷል ብለዋል። ጠላም አረቄም ባዶ ሆድህን አትቅመስ፣ ስኳርህን ጭልጥ አድርጎ ያወርደዋል።

ገንቦዋን የላክሁልህ ለመድኃኒቱ ነው። የባሕር ዳር የመጋቢት ሙቀት አይቻልም። ከእሷ የሚበልጥ ሸክላ ውስጥ አሸዋ አድርግና ገንቦዋን መሐሉ ላይ ቅበራት፤ አሸዋውን ጠዋትና ማታ ውኃ አጠጣው፣ በእርጥብ ጨርቅ ክደነው፣ ነፋስ የሚያገኘው ጥላ ላይ ይሁን። ጠርሙሱን ውኃ እንዳይነካው በላስቲክ ጠቅልለህ ገንቦዋ ውስጥ አስቀምጠው። የከፈትከውን ጠርሙስ 28 ቀን ሲሞላው ጣለው። ያልተከፈተውን አከራይህ ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡልህ፣ በረዶ ቤቱ ውስጥ ግን በፍጹም፤ አንዴ ከረጋ መድኃኒት መሆኑ ያበቃል።

የኔ ጌታ፣ ቅዳሜ በመጀመሪያው ጀልባ እመጣለሁ። የለካኸውን ቁጥር የጠዋቱንም የማታውንም በደብተር ጽፈህ ጠብቀኝ። ባዶ መስመር እንዳላይ።

እናትህ