ጂፒኤህ ደህና ሆኖም ፋይናንሻል ኤይዱ ሊቆም ይችላል

ልጄ፣

ኬሚስትሪውን ዊዝድሮ ላድርገው ወይ (በሴሚስተሩ መሃል ልተወው ወይ) ብለህ ጠይቀኸኛል። እሺም እንቢም ከማለቴ በፊት ሂሳቡን እንየው።

ፔል ግራንቱም (የማይመለሰው የአሜሪካ መንግሥት እርዳታ) ሆነ የፌዴራል ብድሩ በየዓመቱ ፋፍሳ፣ ማለትም የእርዳታ ማመልከቻውን፣ ስለሞላህ ብቻ አይቀጥልም። ኮሌጁ ትምህርትህ ወደፊት እየሄደ መሆኑን ይመዝናል፤ «ሳፕ» የሚሉት ይህንን ነው። አንደኛው መመዘኛ ጂፒኤ፣ ማለትም የውጤትህ አማካይ፣ ነው፤ ባብዛኛው 2.0 ይጠይቃሉ። ሁለተኛው ከያዝከው ክሬዲት ስንት በመቶውን አለፍክ የሚል ነው፤ ብዙዎቹ 67 ይላሉ። ሦስተኛው ጣሪያ ነው፤ ዲግሪው ከሚጠይቀው ክሬዲት 150 በመቶ ድረስ ብቻ ነው የሚረዱህ። ለ120 ክሬዲት ባችለር 180 ማለት ነው። 67ቱም የመጣው ከዚሁ ነው፤ 120ን ለ180 አካፍለው።

ብዙ ልጅ የሚያዘው ሁለተኛው ላይ ነው፣ ዓይኑ ጂፒኤው ላይ ስለሆነ። ደብሊው (ዊዝድሮ ስታደርግ የሚመዘገበው ምልክት) ጂፒኤን አይነካም፤ እዚህ ግን እንደያዝከው ተቆጥሮ እንዳላለፍከው ይመዘገባል። ኤፍም ያው፤ ኢንኮምፕሊትም (ሥራው ሳያልቅ የቆየ ኮርስ) እስኪሟላ ድረስ እንዲሁ። ገና በአድ ድሮፕ ጊዜ (በሴሚስተሩ መጀመሪያ ኮርስ በሚቀየርባቸው ቀናት) ያወጣኸው ኮርስ ግን ባብዛኛው አይቆጠርም።

አሁን የአንተን እንይ። በፎል 15 ይዘህ ባለ 4 ክሬዲቱን ኬሚስትሪ ዊዝድሮ ብታደርግ 11 ይቀርሃል፤ 73 በመቶ፣ ገና ደህና ነህ። በስፕሪንግ እንደገና 15 ይዘህ ባለ 4 ክሬዲት ሂሳብ ብትወድቅና ባለ 3 አንድ ኮርስ ዊዝድሮ ብታደርግ ግን ከ30ው ያለፍከው 19 ነው፤ 63 በመቶ። የቀረው ሁሉ ቢ ቢሆን ጂፒኤህ 2.48 ነው፤ ኤይዱ ግን አደጋ ላይ ነው። በሰመር ባለ 3 ኮርስ ወስደህ ብታልፍ 22 ለ33 ይሆናል፣ 66.67። አንዳንድ ኮሌጅ ይህን 67 ብሎ ያልፍልሃል፣ አንዳንዱ አያልፍም። በእሱ ፋንታ ባለ 4ቱን ሂሳብ ደግመህ ብታልፍ ግን 23 ለ34 ነው፤ ከ67 በላይ።

መድገሙም የራሱ ገደብ አለው። የወደቅክበትን እስክታልፈው ድረስ መድገም ትችላለህ፤ በዲ ያለፍከውን ለማሻሻል ግን የፌዴራል ገንዘብ የሚከፍለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የደገምከው ሁሉ ወደ 180ው ይገባል። ሜጀር መቀየርም ይህን ጣሪያ ነው የሚበላው። (ፋርማሲ ካልገባህ የሚሉህን ዘመዶች አንድ ቀን አነጋግራቸዋለሁ።)

ሌላው፣ 11 ክሬዲት ከ12 በታች ስለሆነ ፉል ታይም አይደለህም። ፉል ታይም የሚጠይቅ ስኮላርሺፕ ካለህ ደንቡን አንብብ። ሁሉንም ኮርስ በአንዴ መተው ደግሞ ጨርሶ ሌላ ነገር ነው፤ ከሴሚስተሩ 60 በመቶ በፊት ከሆነ የገንዘቡ ከፊል ወደ መንግሥት ይመለሳል፣ ኮሌጁም ቀሪውን ክፍያ ካንተ ይፈልጋል።

በየሴሚስተሩ የሚመዝን ኮሌጅ መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ሊሰጥ ይችላል፤ ያን ሴሚስተር ገንዘቡ አይቋረጥም። በዓመት አንዴ የሚመዝን ከሆነ ማስጠንቀቂያ የለም፣ በቀጥታ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ያለው አፒል (ይግባኝ) ነው፣ ኮሌጁ የሚቀበል ከሆነ።

አፒል ላይ የእኛን ልጆች የሚጎዳቸው ይሉኝታ ነው። «ከእንግዲህ ጎበዝ እሆናለሁ» ብለው ይጽፋሉ፣ ታመው እንደነበር ግን አይጽፉም። ኮሚቴው የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው፤ ምን ደረሰብህ፣ አሁንስ ምን ተለወጠ። ሕመም ከሆነ የሐኪም ወረቀት። ሐዘን ከሆነ፣ እግዜር አያድርገውና አገር ቤት ለቅሶ ሄደህ ከሆነ፣ ከወሳኝ ኩነት የወጣ የሞት ምስክር ወረቀትና የአውሮፕላን ቲኬቱ፤ ወረቀቱ በአማርኛ ብቻ ከሆነ ትርጉሙ አብሮ ይግባ። «ተለወጠ» ለሚለውም በተግባር የሚታይ ነገር ጻፍ፦ የሥራ ሰዓቴን ከ30 ወደ 15 ቀንሻለሁ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ቱተሪንግ ተመዝግቤያለሁ። ከተፈቀደልህ ለአንድ ሴሚስተር ፕሮቤሽን (የሙከራ ጊዜ) ላይ ትሆናለህ፣ ወይም የአካዳሚክ ፕላን ትፈርማለህ፤ ፕላኑን ከሳትክ እንደገና ይቆማል።

ከአካዳሚክ አድቫይዘርህ ጋር መነጋገርህ ጥሩ ነው፤ እሱ የሚያየው ግን መመረቅህን እንጂ ኤይዱን አይደለም። ለፋይናንሻል ኤይድ ቢሮው ራስህ በኢሜይል ጻፍ፤ እኔ ብደውል ያለ አንተ ፈቃድ አያናግሩኝም። «ይህን ኮርስ ዊዝድሮ ባደርግ ፐርሰንቴ ስንት ይሆናል? የምትመዝኑትስ በየሴሚስተሩ ነው በየዓመቱ?» በላቸው። የዊዝድሮ የመጨረሻ ቀን በኮሌጁ ካሌንደር ላይ አለ፤ መልሳቸው ከዚያ በፊት እንዲደርስህ ዛሬውኑ ላከው፣ ሲመልሱልህም ወደ እኔ አስተላልፈው።

እናትህ