ወፍጮው ሲቆም ሰዓቱን ያዝ

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? እማማ ደህና ናቸው? ልጆቹስ? ትልቋ ይሄኔ ትምህርት ቤት ገብታለች። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

4 ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ድንገት ስጽፍልህ ግር እንደሚልህ አውቃለሁ። ባለፈው ሳምንት ከድሮ ባልደረቦቻችን አንዱን አገኘሁት። ሲሚንቶውን ትተህ አዲስ የወርቅ ፋብሪካ ውስጥ የሽፍት ኃላፊ ሆነህ ልትገባ መሆኑን ነገረኝ። በጣም ደስ አለኝ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሳልነግርህ የቀረሁት ነገር አለ።

ሲሚንቶ ፋብሪካ ሳለን ወፍጮው፣ ያ ግዙፍ የሚዞር በርሜል፣ በቆመ ቁጥር አለቃችን «አዙሩት!» እያሉ እንዴት ይጮሁብን እንደነበር ትዝ ይልሃል? በየግማሽ ሰዓቱ በትንሿ ሞተር ገፋ እናደርገው ነበር። ያኔ ጉዳዩ ሙቀት ነበር። ከ100 ዲግሪ በላይ የጋለ ሲሚንቶ ይዞ ዝም ብሎ የቆመ ወፍጮ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ሊጎብጥ ይችላል። የወርቁም ወፍጮ ሲቆም መዞር አለበት። ምክንያቱ ግን ሌላ ነው፤ እኔ ዘግይቶ ነው የገባኝ።

እዚህ እኔ የምሠራበት የወርቅ ፋብሪካ የሚፈጨው በውሃ ነው። የብረት ኳሱ፣ ድንጋዩ፣ ደቃቁና ውሃው አብረው ይናጣሉ። እየዞረ እስካለ ድረስ ሁሉም ልቅ ነው። ሲቆም ውሃው ቀስ እያለ ይንጠፈጠፋል፣ ከባዱ ይዘቅጣል፣ ደቃቁ በኳሶቹ መካከል ያለውን ክፍተት ሁሉ ይሞላል። በዚህ ላይ ለወርቁ ማጣሪያ ተብሎ የሚጨመረው ኖራ አለ። ድንጋዩ ሰልፋይድ፣ ማለትም ድኝ ያለበት ማዕድን፣ ካለው ደግሞ አየርና እርጥበት ሲያገኘው ይዝጋል፣ ዝገቱም ያጣብቃል። ኳሶቹ ራሳቸው ይዝጋሉ። ሸክላ የበዛበት ማዕድን ከሆነ የባሰ ነው። አንተ የሲሚንቶ ሰው ነህና ኮንክሪት እንዴት እንደሚጠነክር ለአንተ አላስረዳም።

አሁን ያንን ሌሊት ልንገርህ።

ቅዳሜ ማታ 3 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ወፍጮው ሙሉ ጭነቱን እንደያዘ ቆመ። «አሁን ይመጣል» እያልን ጠበቅን። ጄኔሬተር ነበረን፤ የሚያበራው ግን መብራቶቹንና ጥቂት ፓምፖችን ብቻ ነበር። ቀስ አድርጋ የምታዞረው ሞተር ከጄኔሬተሩ ጋር አልተያያዘችም። መብራቱ የመጣው እሁድ ሌሊት 5 ሰዓት ላይ ነው። 26 ሰዓት ሆነው ማለት ነው። ምርት ቆሟል፣ ስልኩ ሳያቋርጥ ይጮሃል፣ ሁሉም «መቼ ነው የምትነሱት?» ይላል። ተረኛው እኔ ነበርኩ። «አስነሱት» ያልኩትም እኔ ነኝ።

የእኛ ወፍጮ 4 ሜትር ስፋት፣ 6 ሜትር ርዝመት አለው። ከሆዱ 30 በመቶው ኳስ ነው፤ ኳሱ ብቻ 100 ቶን ገደማ ይመዝናል። ጤነኛ ጭነት ወፍጮው መዞር ሲጀምር ትንሽ አብሮ ይወጣና ከ40 እስከ 70 ዲግሪ ባለው ማዕዘን ውስጥ መንሸራተት ይጀምራል። አምፔሩም፣ ሞተሩ የሚስበው ኤሌክትሪክ፣ ወጣ ብሎ ይወርዳል። ያን ሌሊት አምፔሩ ወጣ፣ ወጣ፣ አልወርድም አለ። ጭነቱ እንደ አንድ ቋጥኝ ተጣብቆ 90 ዲግሪውን አለፈ። ከዚያ ከላይ ተላቆ ወደቀ። ኮንትሮል ሩም ውስጥ ወለሉ ከእግራችን ስር ሲዘል ተሰማን። የላይነሩ (የወፍጮውን ሆድ ከውስጥ የሚሸፍነው ልባስ) ቡሎኖች ተበጠሱ፣ በየቀዳዳው ጭቃ ይተፋ ጀመር፣ አንዱ ኩሽኔታ ተጎዳ። ለ11 ቀን ቆምን።

ሰው አልተጎዳም። ግን አንድ ልጅ፣ ገና ሥራ ከጀመረ ወሩ፣ ጥቂት ደቂቃ ቀደም ብሎ ከወፍጮው ስር ውሃ እያጠበ ነበር። ቢቆይ ኖሮ እያልኩ ስንት ሌሊት ነቅቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ነው ስልክህን ማንሳት ያቃተኝ። ከማንም በላይ ላንተ መንገር ከበደኝ። ይቅር በለኝ።

ስለዚህ እባክህ እነዚህን ነገሮች ገና ስትገባ አጥብቀህ ያዝ።

ማቆሙ በዕቅድ ከሆነ ቀላል ነው። ኖራውን ቀደም ብለህ ቁረጥ። ከዚያ ድንጋዩን ቁረጥና ውሃውን ሳታቆም ለተወሰኑ ደቂቃዎች አዙረው፤ ደቃቁ ታጥቦ ይውጣ። አታብዛው ግን። ድንጋይ ከሌለ ኳሱ ላይነሩን ራሱን መደብደብ ይጀምራል። ከቆመ በኋላ እኛ አሁን በየ4 ሰዓቱ በትንሿ ሞተር አንድ ሙሉ ዙር እናዞረዋለን፣ ያዞረውም ሰው መዝገብ ላይ ይፈርማል። የናንተ ማዕድን ጠባይ ሌላ ሊሆን ስለሚችል ሰዓቱን ከብረት ማጣሪያ ባለሙያዎቻችሁ ጋር ወስኑ። ከማዞርህ በፊት ግን ወፍጮውን ከኩሽኔታው ላይ ከፍ የሚያደርገው የከፍተኛ ግፊት ዘይት መሥራቱን አረጋግጥ። ያለ ዘይት ብታዞረው ሌላ ጥፋት ነው።

መከራው ያለው ሳይታሰብ ሲቆም ነው። አጥቦ ማስወጣት የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ወፍጮው በቆመባት ደቂቃ ሰዓቱን በትልቁ ሰሌዳ ላይ ጻፍ። «ይመጣል» የሚለውን ቃል አትመነው። የማዞሪያዋ ሞተርና የዘይት ፓምፑ ከጄኔሬተር ጋር መያያዝ አለባቸው። ይህን ከበጀት አውጥተን እናያለን የሚልህ ሰው ካለ የእኔን 11 ቀን ንገረው።

ደግሞ የተወሰነው ሰዓት ካለፈ ማንም፣ ሥራ አስኪያጁም ቢሆን፣ በዋናው ሞተር እንዲያስነሳ አትፍቀድ። መጀመሪያ በትንሿ ሞተር ቀስ አድርገህ አዙር። ሼሉ ላይ፣ ማለትም በወፍጮው የውጭ ገላ ላይ፣ በጠመኔ ምልክት አድርግ፣ ዓይንህን አምፔሩ ላይ ጣል። ወጥቶ ከወረደና ውስጡ ሲንኳኳ ከሰማህ ጭነቱ ተላቋል። አምፔሩ መውጣቱን ካላቆመና ድምፅ ከሌለ 90 ዲግሪ ሳይደርስ አቁም። ስታቆመው ደግሞ በክብደቱ ወደኋላ መንከባለል ይፈልጋል፤ ፍሬኑን እየተቆጣጠርክ መልሰው፣ ሰው አጠገቡ አይቁም።

ማርሽ የሌላቸው ትልልቆቹ ወፍጮዎች ይህን በራሳቸው ያደርጋሉ። የዚያ ዓይነት የመጀመሪያው የተተከለው በ1969 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ፣ ሌ አቭር፣ ያውም ሲሚንቶ ፋብሪካ ውስጥ ነው። የዛሬዎቹ መቆጣጠሪያቸው ማዕዘኑን እየለካ ጭነቱ ካልተንሸራተተ ያቆማቸዋል፤ አንዳንዶቹ ወዲያና ወዲህ ነቅንቀው ያላቅቁታል። እንደ እኛ ያለ በማርሽ የሚዞር ወፍጮ ግን ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው ሰው ነው።

ከተጣበቀ አትቸኩል። ውሃ ሙላበትና ይራስ። በትንሿ ሞተር ጥቂት ዲግሪ ወዲያ፣ ጥቂት ወዲህ አድርገው። ብዙ ጊዜ ይበቃል። እምቢ ካለ በግፊት ውሃና በጃክ ሃመር መቆራረጥ ነው፤ ይህ ከሁሉም የሚያስፈራኝ ሥራ ነው። ጭነቱ ታች መሆኑን ሳታይ ማንንም አታስገባ፤ ከላይ ተንጠልጥሎ የቀረ እንደሆነ ናዳ ነው። ኤሌክትሪኩ ተቆልፎ ቁልፉ በሚገባው ሰው ኪስ ይሁን። የምትጠቀሙት ውሃ ወርቁን ከሚያሟሟው መርዝ፣ ከሳያናይድ፣ ገንዳ የሚመለስ ከሆነ ጋዙ ሳይለካ በሩ አይታለፍ።

ብዙ ጻፍኩ። ስለ ራሴና ስለ ቤተሰቡ በሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ፤ ስልኬም ያው የድሮው ነው። እማማን ጉልበት ስመህ ሰላም በልልኝ።

እዚያ እንደደረስክ መጀመሪያ ጄኔሬተሩ ጋ ሂድና ገመዱን ተከተል። የማዞሪያዋ ሞተር ዘንድ መድረስ አለመድረሱን አይተህ በዚያው ቀን ደውልልኝ።

ወንድምህ