የምስጋና መልእክት፦ «ዛሬውኑ ውጡ» ብላችሁ ለተቆጣችሁን

በታምፓና በሴንት ፒተርስበርግ፣ በኦርላንዶና በአትላንታ የምትኖሩ ወገኖቻችን፣ ሰላምታችን ይድረሳችሁ።

ይህን የምጽፈው ግድግዳው ገና ባላለቀ ሳሎን ውስጥ፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። እናቴ አፍጥጦ የቀረውን የግድግዳ እንጨት እያየች «ቤቱ ጎድኑ ወጣ» ትላለች። ቤቱ እስኪያምር ብጠብቅ ግማሹን ውለታ እንደምረሳው ስለማውቅ አሁኑኑ ልጻፍ አልኩ።

ከጥፋታችን ልጀምር። ሄሪኬን ሄሊን የተባለው አውሎ ነፋስ የመጣው በደመራ ዕለት፣ መስከረም 16 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 26፣ 2024። ሴንት ፒተርስበርግ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ ያለው ሰፈራችን ሾር ኤከርስ ዝቅ ያለ ነው። ዞን ኤ፣ ማለትም መጀመሪያ ልቀቁ ከሚባሉት ቦታዎች፣ ስለሆነም የግዴታ ልቀቁ ትእዛዙ ቀድሞ ደርሶናል። እኛ ግን ካርታውን አይተን፣ የአውሎ ነፋሱ ዐይን 100 ማይል ያህል ርቆ በባሕሩ ላይ ስለሚያልፍ «ነፋስ ብቻ ነው» ብለን ተቀመጥን። ነፋሱስ እውነትም እኛ ዘንድ ያን ያህል አልነበረም። ጉድ የሠራን እየገፋ ያመጣው ውኃ ነው። እኛ በሩን ስንጠብቅ እሱ በሻወሩ መውረጃ መጣ። እኩለ ሌሊት ላይ ልጆቹ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ናቸው፣ እናቴ ጀርባዬ ላይ ናት።

ከማዶ ያለው ጎረቤታችን የእጅ ባትሪ ይዞ፣ ወገቡ ድረስ በውኃ ውስጥ ተሻግሮ መጥቶ ወደ ፎቅ ቤቱ ወሰደን። አንድም ጊዜ «ለምን አልወጣችሁም?» አላለንም። አማርኛ ስለማያነብ ይህን ልጄ ተርጉማ ታነብለታለች።

በማግስቱ ለመስቀል «እንኳን አደረሳችሁ» ልትሉን ስትደውሉ እኛ ስለ ጭቃና ስለ ሽታ አወራናችሁ። ቅዳሜ ጠዋት በሦስት መኪና መጣችሁ። ሻጋታ ከመያዙ በፊት እርጥቡ ጂፕሰም ቦርድ መነሳት አለበት ብላችሁ ከወለሉ እስከ 4 ጫማ ከፍታ ድረስ ያለውን ሁሉ ቆርጣችሁ አወጣችሁት። ሥራችሁ ታክሲ መንዳት፣ ሒሳብ መሥራት፣ ሕሙማን ማስታመም ነው፤ አናጢ አንድም አልነበረም። የውኃ ቱቦውን የበሳኸው ወንድሜ፣ ራስህን ታውቃለህ፣ ይቅር ብዬሃለሁ። የእናቴን አልበም ፎቶ በፎቶ ለያይታችሁ በገመድ ላይ ያደረቃችሁት እህቶች ግን፣ ለእናንተ የሚሆን ቃል አጣሁ። እሷም እስካሁን ስታወራው ድምፅዋ ይቆረጣል።

ቤታችን ይኸው ሆኖ፣ ሰኞ መስከረም 27 ሌላ አውሎ ነፋስ እየመጣብን ነበር። ሚልተን በአንድ ቀን ውስጥ ምድብ 5፣ ማለትም የመጨረሻው ኃይለኛ ደረጃ፣ ደረሰ፣ ነፋሱም በሰዓት 180 ማይል ሆነ።

እትዬ፣ ስምዎን እንዳልጽፍ ስላስጠነቀቁኝ አልጻፍኩም። ያን ቀን ሲደውሉልኝ «ዕቃችን በሙሉ መንገድ ዳር ነው፣ ደክሞናል፣ አሁን ደግሞ ወዴት?» አልኩዎት። «ምኑን ልትጠብቅ ነው? እርጥብ ሶፋ? ልጆቹን ይዘህ ዛሬውኑ ካልወጣህ ሁለተኛ እንዳትደውልልኝ» ብለው ጆሮዬ ላይ ዘጉት። ከሰዓት በኋላ መኪና ውስጥ ነበርን። እንዲያ ደክሞን ሳለ መሸሽ ሞኝነት ይመስል ነበር፤ የእርስዎ ቁጣ ባይኖር እኔን ከዚያች ሶፋ የሚነቅለኝ አልነበረም።

ከሰፈር ስንወጣ በየመንገዱ የተከመረው ፍራሽና ማቀዝቀዣ ነፋስ ካገኘው ጥይት እንደሚሆን እያሰብን ነበር። ያንን ሌት ተቀን ሲጭኑ የነበሩትን የጭነት መኪና ሾፌሮች ማን ያመሰግናቸዋል? እኔ ላመስግናቸው።

ወደ አትላንታ በደህናው ቀን 7 ሰዓት የሚፈጀው መንገድ 15 ሰዓት ወሰደብን። አይ-75 አውራ ጎዳና ላይ መኪናው እንደ ሰልፍ ነው የሚሄደው፤ በየማደያው ቧንቧ ላይ ላስቲክ ታስሯል፣ ቤንዚን የለም ማለት ነው። ያዳነን የእናንተ የሾፌሮቹ የስልክ መልእክት ግሩፕ ነው። «በዚህ መውጫ አለ፣ ሰልፉ 20 መኪና ነው»፣ «እዚያ አትድከሙ፣ አሁን አለቀ» እያላችሁ ሌሊቱን በሙሉ በድምፅ መልእክት መራችሁን። ብዙዎቻችሁን በመልክ አላውቃችሁም። ድምፃችሁን ግን ገበያ መሃል ብሰማው እለየዋለሁ።

አትላንታ የተቀበልከን ወንድማችን፣ በሁለት መኝታ ቤት 11 ሰው አሳደርክ። ቁልፉን ለባለቤቴ ሰጥተህ «ፍሪጁ የእናንተ ነው» ብለህ የሌሊት ሥራህን ገባህ። አላጽናናኸንም፣ አልጠየቅከንም፤ ያን ጊዜ የፈለግነውም እሱን ነበር።

ረቡዕ ከምሽቱ 2፡30 ገደማ ሚልተን ሳራሶታ አጠገብ ባለችው ደሴት፣ ሲየስታ ኪ ላይ፣ ከባሕር ወደ የብስ ወጣ። ከእኛ ወደ ደቡብ ስለሆነ፣ በእኛ በኩል ነፋሱ ከየብስ ወደ ባሕር ነፈሰና ውኃውን ከታምፓ ወሽመጥ ጠርጎ አወጣው። ሴንት ፒተርስበርግ ላይ ከ18 ኢንች በላይ ዝናብ ወረደ፣ የቤዝቦል ስታዲየሙ የትሮፒካና ፊልድ ጣሪያ ተቦጫጨቀ፤ የፈራነው የባሕር ውኃ ግን አልመጣም። ቤቱ ውስጥ ሁሉም «ተመስገን» አለ። እኔ ቃሉ አፌ ላይ ቀረ። ውኃው ወደ ሳራሶታና ወደ ቬኒስ ነው የሄደው፤ እዚያም ልክ እንደኛ ልጆቹን ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጥ አባት አለ። የዚያ አካባቢ ወገኖች፣ ዕዳ እንዳለብን እናውቃለን። ቅዳሜ ቅዳሜ መዶሻችንን ይዘን እየመጣን ነው።

ለአረጋውያኑ የፌማን (የአሜሪካ መንግሥት የአደጋ ጊዜ ርዳታ መሥሪያ ቤት) ማመልከቻ በስልኳ ስትሞላ ለከረመችው ተማሪም እጅ እነሳለሁ። የ750 ዶላሩ የአስቸኳይ ድጎማ ብድር ነው የሚል ወሬ ተነዝቶ ስንቱ ፈርቶ ነበር። ብድር እንዳልሆነ አንድ በአንድ አስረዳሻቸው። ስለ ቤት መድናችን አልናገርም፤ የጎርፍ ውኃን እንደማይሸፍን ያወቅነው ውኃው ከገባ በኋላ ነው፣ ጥፋቱም የኛው አለማንበብ ነው።

በመጨረሻ፣ እኛ ዘንድ የቀሩ ዕቃዎች አሉ፦ ሁለት ትልልቅ ማራገቢያ፣ አንድ የሚስማር መንቀያ፣ አንድ ሰማያዊ የበረዶ ሳጥን። ሳጥኑን የእኔ ነው የሚል እስካሁን ጠፍቷል፤ አሥር ሰው ጠይቄ አሥሩም «የኔ አይደለም፣ ያዙት» አለኝ። ባለቤቱ እባክህ ደውልልኝ። አጥቤ በረንዳው ላይ አስቀምጬዋለሁ።